ከዲለር ያገለገለ መኪና በ12 ሺህ ዶላር (ቨርጂኒያ/ሜሪላንድ)፦ የምታውቁ ምከሩኝ

አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። በዲቪ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። በምትወጣበት ሰዓት አውቶቡስ የለም፣ ኡበሩ ደግሞ ደመወዟን እየበላው ነው። መኪና የግድ ሆነብን።

እቁብ ደርሶኝ በእጄ 5 ሺህ ዶላር አለ። ጠቅላላ አቅሜ 12 ሺህ ነው፣ ከዚያ በላይ አልሄድም። ክሬዲቴ (የብድር ታሪኬ) መጥፎ አይደለም፣ ግን ገና ለጋ ነው። ያለኝ አንድ ካርድ ነው፣ በሰዓቱ እከፍላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ዲለር ጋ ሄድኩ። ኢንተርኔት ላይ 11,900 ተብሎ የወጣ የ2015 ኒሳን አልቲማ አሳዩኝ፣ 98 ሺህ ማይል የሄደ። ንጹሕ ነው፣ ሲነዱትም ደህና ነው። ሴልስማኑ ገና ሳልቀመጥ "በወር ስንት ይመችሃል?" አለኝ። ከ280 በላይ አልችልም አልኩት። ወደ ውስጥ ገብቶ ቆየና 274 አድርጌልሃለሁ ብሎ ወጣ። 3 ሺህ ዳውን (ቅድሚያ ክፍያ)፣ 12 ሺህ ብድር፣ 72 ወር፣ ወለዱ 18 በመቶ። 500 ዶላር ቀብድ ካስያዝኩ እስከ ቅዳሜ ያቆይልኛል። እስካሁን አልፈረምኩም፣ አልከፈልኩምም። ምን ትሉኛላችሁ?

ከዴስኩ ጀርባ

ወንድሜ፣ እንኳን ሳትፈርም ጠየቅክ። እዚሁ አካባቢ ዲለር ቤት፣ ፋይናንስ ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ያ ወረቀት እንዴት እንደሚዘጋጅ በደንብ አውቀዋለሁ።

"በወር ስንት ይመችሃል" ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ያችን ቁጥር ካገኘ ሌላው ሁሉ በእሱ እጅ ነው። ወሩን ያስረዝማል፣ ወለዱን ይሰቅላል፣ ያላዘዝከውን ይጨምራል። ላንተ የሚታይህ 274 ብቻ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። 274ን በ72 ብታባዛው ወደ 19,700 ይመጣል። 3 ሺውን ዳውን ስትጨምር 22,700 ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ 11,900 ተብሎ ለተለጠፈ መኪና ነው።

ያንኑ 12 ሺህ በ8 በመቶ ለ48 ወር ብትበደር የወር ክፍያህ 293 ነው። ጠቅላላው 14,060 አካባቢ። በወር 19 ዶላር ጨመርክ እንጂ መጨረሻ ላይ ከ5,600 ዶላር በላይ ኪስህ ይቀራል። ከዕዳውም ሁለት ዓመት ቀድመህ ትወጣለህ።

ደግሞስ 11,900 የነበረው እንዴት 15 ሺህ ገባ? የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው፣ ለዚህ መኪና 494 ዶላር ቢሆን ነው። የታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) እና የታርጋው ብዙ አይደለም። የቀረው የዲለሩ ፕሮሰሲንግ ፊ (የወረቀት ሥራ ክፍያ) እና ተለጣፊ ነገሮች ናቸው፦ ሰርቪስ ኮንትራት (የጥገና ውል)፣ ጋፕ (መኪናው ቢወድም ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን ዕዳ የሚከፍል)፣ መስታወት ላይ ቁጥር መቅረጽ፣ ጎማ ውስጥ ናይትሮጅን፣ የወንበር ቅባት። "ባንኩ ይህን ካልገዛህ አያበድርም ብሏል" ካሉህ፣ በጽሑፍ ስጡኝ በላቸው። ያን ጊዜ ነገሩ ይቀየራል።

እኔ የምልህ፣ ብድርህን ይዘህ ሂድ። አባል መሆን የምትችልበት ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበር) ፈልግና አስቀድመህ አስፈቅድ። ዲለሩ ባንክ ጋ ያገኘልህን ወለድ የራሱን የወለድ ነጥብ ጨምሮበት ሊያቀርብልህ ይችላል፣ ሕጉም ይፈቅድለታል። አንተ ግን በእጅህ የተፈቀደ ወረቀት ካለ፣ ወይ ከዚያ የተሻለ ያመጣል ወይ ዝም ይላል። ብዙ ቦታ መጠየቅ ክሬዲቴን ያወርደዋል ብለህ አትፍራ። የመኪና ብድር ጥያቄ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ ስንት ቦታ ብትጠይቅ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው።

ጋራዥ ቤት

ስለ ገንዘቡ ተነግሮሃል። እኔ ስለ ብረቱ ልናገር። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምሠራው።

የዚያ ዘመን አልቲማ ሞተሩ ክፉ አይደለም፣ ነገሩ ካምቢዮው ላይ ነው። ሲቪቲ ይባላል፣ በማርሽ ፈንታ በብረት ቺንጋና በሁለት ፑሊ የሚሠራ ነው። የ2013 እስከ 2016 አልቲማ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው የካምቢዮውን ዋስትና እስከ 84 ወር ወይም 84 ሺህ ማይል አራዝሞ ነበር። አንተ ያየኸው በዕድሜም በማይልም አልፎታል። ቢበላሽ ከራስህ ኪስ ነው፣ የሚቆጠረውም በሺዎች ነው። ከቆመበት ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ጮሆ መኪናው ዘግይቶ ከተከተለ፣ ዞር በል።

12 ሺህ ለያዘ ሰው ኮሮላ፣ ሲቪክ፣ ማዝዳ 3 ይፈልግ እላለሁ። በዚህ ዋጋ ማይሉ 100 ሺህን ሊያልፍ ይችላል፣ አይክፋህ። ዘይቱ በወቅቱ እየተቀየረ 120 ሺህ የሄደ ኮሮላ፣ ማንም ሳያየው 80 ሺህ ከሄደ መኪና ይሻለኛል። የዘይት ቅያሬ ወረቀት አለ ወይ ብለህ ጠይቅ።

ለማየት ስትሄድ ደውለህ "ሞተሩን ሳታስነሱ ጠብቁኝ" በላቸው። ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ዳብሰው። ሞቆ ከጠበቀህ ጠዋት ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅና የሚያወጣው ጭስ ተደብቆብሃል። ከዚያ የሾፌሩን ቀበቶ ጫፉ እስኪያልቅ ጎትተህ አውጣው። መጨረሻው ላይ ጭቃ ወይም የውሃ መስመር ካየህ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ኋላውን ከፍተህ ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድም እይ፣ አሸዋና ዝገት እዚያ ነው የሚቀረው። ፍሎሪዳና ካሮላይና ላይ አውሎ ነፋስ ባለፈ ቁጥር የደረቁ መኪኖች በጨረታ ወደዚህ ይመጣሉ።

ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ተነስተህ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2319 ካለ በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ክሩ ደህና ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቷል። ይህ መደራደሪያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ኮድ ማንበቢያ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፣ ከመሪው ሥር ትሰካለች፣ ርካሽ ናት። ዳሽቦርድ ላይ የቼክ ኢንጅን መብራት ስላልበራ ብቻ አትመን። ኮዱን አጥፍቶ መኪናውን ማቅረብ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን እንደገና እስኪፈትሽ ብዙ መንዳት ይፈልጋል፣ እስከዚያ ማንበቢያዋ ላይ "ዝግጁ አይደለም" የሚል በርከት ብሎ ይታያል። ያን ካየህ ትናንት ምን ነበር ያጠፋችሁት? ብለህ ጠይቅ።

ሎሚ ሜዳ

እኔ በሐሳቡም አልስማማም። ብድር ምን ያደርግልሃል? 5 ሺህ በእጅህ አለ፣ ከግለሰብ በካሽ ግዛ። ዲለር ማለት ደላላ ነው፣ ትርፉን ካንተ ነው የሚያወጣው። ወለድ የለ፣ ፕሮሰሲንግ ፊ የለ። ስንት ሰው እንደዚያ ነው የጀመረው።

እናት ዓለም

@ሎሚ ሜዳ፣ ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ። ግን አንዲት ሴት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ብቻዋን የምትነዳው መኪና ነው እየተባለ ያለው። እኔም ነርስ ነኝ፣ ያን ሰዓት አውቀዋለሁ። አሁን ባለው ገበያ በ5 ሺህ ከግለሰብ የሚገኘው መኪና ብዙ ጊዜ ጥገናውን ይዞ ነው የሚመጣው። ደግሞ ግለሰብ ነኝ የሚለው ሁሉ ግለሰብ አይደለም። ፈቃድ ሳይኖረው ከጨረታ እያመጣ ፓርኪንግ ላይ የሚሸጥ ሞልቷል። ታይትሉ ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ሆኖ ታገኘዋለህ። ዲለር ቢያንስ ቢሮ አለው፣ ፈቃዱ ከስቴት ነው፣ የታይትሉን ወረቀት ራሱ ይጨርሳል።

አዲስ ገቢ፣ ከዲለር ብትገዛ ደግ ነው። በኋላ ካልወደድከው በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

ከዴስኩ ጀርባ

@እናት ዓለም፣ እህቴ፣ ይህ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ወሬ ነው። የሦስት ቀኑ ሕግ ቤትህ መጥቶ ለሚሸጥልህ ሰው የወጣ ነው። ዲለሩ ግቢ ሄደህ የገዛኸውን መኪና አይመለከትም። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ፈርመህ ከወጣህ ያንተ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ዲለሮች በራሳቸው ፈቃድ የመመለሻ ቀን ይሰጣሉ። ያ በውሉ ላይ ተጽፎ ካየኸው አለ፣ በቃል ከሆነ የለም።

ሁሉም ዲለር ያገለገለ መኪና ላይ "ባየርስ ጋይድ" የሚባል ወረቀት መለጠፍ አለበት፣ የፌዴራል ግዴታ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ሣጥን አለ። "አዝ ኢዝ" ላይ ምልክት ካለ፣ ከግቢው ከወጣህ በኋላ የሚበላሸው የራስህ ጉዳይ ነው ማለት ነው። "ዋራንቲ" ላይ ከሆነ የትኛው ክፍል፣ ስንት በመቶ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይጻፋል። ይህ ወረቀት የውሉ አካል ነው። ውሉ ሌላ ቢል እንኳ የሚጸናው እሱ ነው። ሴልስማኑ "ምንም ቢሆን እናስተካክልልሃለን" ካለህ፣ እዚያው ላይ ጻፍልኝ በለው።

ሜሪላንድ በዚህ በኩል ትንሽ ትሻላለች። እዚያ ዲለር መኪናን "አዝ ኢዝ" ብሎ መሸጥ የሚችለው ከስድስት ዓመት በላይ ሲሆንና ከ60 ሺህ ማይል በላይ ሲሄድ ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ። ግን በ12 ሺህ የምናገኘው መኪና አብዛኛው ሁለቱንም ያለፈ ስለሆነ ከለላው አይደርስልንም። ለዚህ ነው የጋራዥ ቤትን ምክር ከሕጉ አስበልጬ የማየው።

ዋጋ ስታወዳድርም እንዳትታለል። ሜሪላንድ ለፕሮሰሲንግ ፊ የሕግ ጣሪያ አላት፣ አሁን 800 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ጣሪያ የላትም። ታክሱን የምትከፍለው መኪናውን ለምታስመዘግብበት ስቴት ነው፣ ላንተ የትም ብትገዛ የቨርጂኒያው 4.15 ነው። የሜሪላንድ ነዋሪ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ይከፍላል።

ሌሊት ሾፌር

ኡበር ነው የምነዳው፣ አጭር ነገር ላክልበት። ወንድሜ፣ በትርፍ ሰዓትህ ምግብ ማድረስ ወይም ኡበር መሥራት ካሰብክ ከመግዛትህ በፊት አስብበት። የተለመደው የግል ኢንሹራንስ ሥራ ላይ እያለህ ለሚደርስ አደጋ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ተጨማሪ ማስገባት አለብህ።

በነዳጅና በባትሪ የሚሠራው ቶዮታ ፕሪየስም እንዳያጓጓህ። ነዳጁን እወድለታለሁ፣ የምነዳውም እሱን ነው። ግን በ12 ሺህ የሚገኘው የቆየው ነው፣ የባትሪው ዋስትና ያለቀ። ቶዮታ ከ2020 በፊት ለነበሩት 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነበር የሚሰጠው። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ነው 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል የሆነው። ከ2004 እስከ 2009 ያለውን ደግሞ ሌባ ይወደዋል፣ ከሥር ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ቆርጦ ይሄዳል። መንገድ ዳር የምታቆም ከሆነ ይቅርብህ።

ሌላው በቁልፍ የሚነሱትን የ2021ና ከዚያ በፊት ያሉ ኪያና ሂዩንዳይ የሚመለከት ነው። ብዙዎቹ የስርቆት መከላከያው ቺፕ የላቸውም። ዋጋቸው ይማርካል፣ ኢንሹራንሱ ግን ያንን ይመልስብሃል።

አዲስ ገቢ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አልቲማውን ትቼዋለሁ። ሴልስማኑ ደጋግሞ ደወለ፣ "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" አለኝ። ይውሰደው አልኩት።

ሚስቴ የምትሠራበት ቦታ ሠራተኞች አባል የሚሆኑበት ክሬዲት ዩኒየን አለ። እሷ አመልክታ በ9 በመቶ ለ48 ወር ተፈቀደልን። ከዚያ ለተለያዩ ዲለሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ላክሁ፦ "ይህን መኪና እፈልጋለሁ፣ ታክስና ታርጋ ሁሉ ገብቶ የአውት ዘ ዶር ዋጋውን በጽሑፍ ላኩልኝ።" ግማሾቹ "ና እንነጋገር" ብቻ አሉ። አንዱ የለጠፈው ዋጋ የሚሠራው እነሱ ጋ ከተበደርኩ ብቻ መሆኑን ገለጸ። ማናሳስ አካባቢ ያለ አንድ ዲለር ግን ዝርዝሩን አድርጎ ላከ። የ2014 ኮሮላ፣ 112 ሺህ ማይል፣ ሁሉም ገብቶ 10,850። የሻሲ ቁጥሩን የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት ድረ ገጽ ላይ አስገባሁ፣ ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው በነፃ እንዲስተካከል የጠራው ጉድለት) የለውም። ካርፋክሱም (የመኪናው የታሪክ ሪፖርት) ንጹሕ ነው።

አሁን ያስቸገረኝ፣ መኪናውን ወደ ጋራዥ ልውሰድ ስላቸው "ለኢንሹራንስ ስለማይመች ከግቢ አይወጣም" አሉኝ።

ጋራዥ ቤት

በርታ፣ ጥሩ ይዘሃል። ካርፋክስ ንጹሕ ነው ማለት አልተጋጨም ማለት እንዳልሆነ ብቻ አስታውስ። ሰው በካሽ ጓሮ ያሠራው ፓራውልት እዚያ ላይ አይወጣም። ቀለሙን በፀሐይ ከጎን እየው፣ በሮቹ መሃል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን እይ።

ከግቢ አይወጣም ካሉ መካኒኩ ወደ ግቢያቸው ይምጣ። እየተዘዋወሩ የሚመረምሩ አሉ፣ ማናሳስ አካባቢም አታጣም። ወደ እኔ ድረስ ማምጣት አይጠበቅብህም። ከሥር ገብቶ እንዲያይ፣ ኮዱን እንዲያነብ፣ ፍሬኑን እንዲለካ ንገረው። ያንንም እምቢ ካሉ ትተኸው ሂድ። ኮሮላ አገሩን ሞልቶታል።

ሎሚ ሜዳ

በ10,850 ከሆነ እኔም ዝም ብያለሁ። ያ ከ15 ሺው ጋር አይገናኝም። ከእቁቡ ግን ሁሉንም ዳውን አታድርገው፣ የተወሰነ አስቀር።

ከዴስኩ ጀርባ

ሎሚ ሜዳ ልክ ነው። 3 ሺህ ዳውን ብታደርግ የምትበደረው 7,850 ነው። በ9 በመቶ፣ በ48 ወር፣ በወር 195 ዶላር። እስከ መጨረሻው ከነዳውኑ 12,400 አትሞላም። ከመጀመሪያው 22,700 ጋር አስተያየው። የቀረችው 2 ሺህ ለኢንሹራንስና ለጎማ ትሁን።

አበዳሪ ስላለ ፉል ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት በዚያ የሻሲ ቁጥር የኢንሹራንስ ዋጋ አስወጣ። እዚህ አገር የመንጃ ታሪካችሁ አጭር ስለሆነ ከመኪናው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል፣ ከአንድ በላይ ኩባንያ ጠይቅ። ሌላም ብዙ አዲስ ሰው የማይነገረው ነገር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማው ወይም ካውንቲው በመኪናህ ላይ በየዓመቱ የንብረት ታክስ ያስከፍልሃል፣ አሌክሳንድሪያም ጭምር። ሜሪላንድ ያለው ዘመድህ አይከፍልም፣ አንተ ግን ትከፍላለህ። በጀትህ ውስጥ አስገባው።

አዲስ ገቢ

ተዘዋዋሪ መካኒኩ ዛሬ አየው። ሞተርና ካምቢዮ ደህና፣ ከሥር ዝገት የለም፣ ኮዱም አልተነካም። የፊት ፍሬኑ ሊያልቅ ነው፣ ሁለት ጎማ የ2017 ነው። ወረቀቱን ለዲለሩ ላክሁለት። ፍሬኑን እንቀይራለን፣ ከጎማው ዋጋ ግማሹን እንቀንሳለን አሉ፣ በኢሜይል። አዲሱ ጠቅላላ ዋጋ 10,700። ኢንሹራንሱንም አስወጥተናል፣ ከባድ ነው ግን እንችለዋለን።

ሐሙስ ጠዋት ከፈረቃዋ ስትወጣ አብረን እንሄዳለን። የፋይናንስ ቢሮው ውስጥ ምን ይጠብቀናል?

ከዴስኩ ጀርባ

ሐሙስ ጠዋት አትሂዱ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ የደከመች ሰው ውል አታነብም፣ ብድሩም በእሷ ስም ነው። ተኝታ ስትነሳ፣ ወይም ዕረፍት ባላት ቀን ሂዱ።

እዚያ ስትገቡ ሰውዬው ጨዋ ይሆናል፣ ስክሪኑንም ያዞርላችኋል። ሦስት አራት ፓኬጅ ያሳያል፣ እያንዳንዱን "በወር 14 ዶላር ብቻ" እያለ። መልሱ "አንፈልግም፣ የጠቅላላ ዋጋውን ወረቀት አሳየን" ነው። ደጋግሞ ቢጠይቅም መልሱ ያው ነው። የሽያጭ ውሉ ላይ ቁጥሩ 10,700 መሆኑን እዩ። የፍሬኑ ነገር "ዊ ኦው" በሚባለው፣ ዲለሩ ሊሠራልህ ቃል የገባው በሚጻፍበት ቅጽ ላይ ተጽፎና ተፈርሞ ይሰጣችሁ፣ ወይም ተቀይሮ ይጠብቃችሁ። መስመሩ ባዶ የሆነ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ክሬዲት ዩኒየኑ ቼኩን ለመልቀቅ የሚፈልገውን ወረቀት ቀድማችሁ ጠይቁ፣ እዚያ ሆናችሁ እንዳትጉላሉ።

ያልገባችሁ መስመር ካለ ፎቶ አንስታችሁ ስማችሁንና አድራሻችሁን ሸፍናችሁ እዚህ ለጥፉት። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ አያለሁ።

እናት ዓለም

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ። የመጀመሪያውን ሌሊት ከመንዳቷ በፊት በቀን ያንኑ መንገድ አብራችሁ ሂዱበት። ስኮርታ ጎማው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም መኖሩን እይላት።